ባለ 80 ኪሎ ሜትሯ

ሐዋሳ ውስጥ ሞተር የሚሸጥ ሰው ጠፍቶ አይደለም። ወደ ፒያሳ ብቅ ስል ብቻ እንኳ ደጃፋቸው ላይ ስኩተር ደርድረው የተቀመጡ ሱቆች አሉ። ችግሩ ባለቤቶቹን አውቃቸዋለሁ። አንዱ የእድራችን ጸሐፊ ነው፤ የሌላው ልጅ የክርስትና ልጄ ነው። የሚያውቁት ሰው የሚጠራው ዋጋ ደግሞ፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ሁልጊዜ የተጨመረበት ይመስላል። የማያውቁት ሰው፣ ያውም አዲስ አበባ ተቀምጦ በቴሌግራም ፎቶ የሚልክ ሰው ሲሆን ግን፣ ዋጋው ቀርቶ «ጋሼ» ሲል ድምፁ ራሱ ቅናሽ አለው።

ባለቤቴ «ላም አለኝ በሰማይ» ብላ ጀመረች። የቀረውን እኔው ጨረስኩላት፤ ተረቱን እንደማውቀው ላሳያት ብዬ እንጂ ነገሩ ገብቶኝ አይደለም።

ስኩተር መውደዴ የዛሬ አይደለም። ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ ቬስፓ የነበራቸው አንድ መምህር ነበሩ። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ጉልበታቸውን ገጥመው ቁጭ ይሉና እልም! ፒያጆ ቬስፓን በ1946 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ንድፏን የሠራው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር፤ ሞተር ሳይክል ደግሞ አይወድም። ሰንሰለቱ ልብስ ያበላሻል፣ ለመውጣት እግር ማንሳት ይጠይቃል፣ ጎማው ሲተነፍስ ጣጣው ብዙ ነው ብሎ፣ ሞተሩን ከኋላ ሸሽጎ የፊቱን ለእግር ክፍት ተወው። እኔም ሞተር ሳይክል አልወድም። ልዩነታችን እሱ መሐንዲስ መሆኑ ነው።

የእኔዋ ግን የኤሌክትሪክ ናት። ማደያ ሰልፍ ላይ ከፊትና ከኋላዬ ካለው ሰው ጋር ተዋውቀን፣ ተጣልተን፣ ታርቀን፣ ተራችን ሊደርስ ሲል «ቤንዚን አልቋል» የተባልን ዕለት ነው የቆረጥኩት።

አዲስ አበባ ሄጄ ከፈልኩ። «ጋሼ፣ በአይሱዙ ልጫንልዎት?» አለኝ ሻጩ ልጅ። መጫኛውን ሲነግረኝ ያተረፍኩትን ግማሹን ይወስዳል። ጎማ ያላት ነገር ምን ቆርጧት ትጫናለች? ወረቀቱ ላይ «በአንድ ሙሌት 80 ኪሎ ሜትር» ይላል። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለ80 ሲካፈል ሦስት ምናምን። ሦስት ቦታ ቆም እያልኩ፣ ቡና እየጠጣሁ፣ እየሞላሁ፣ ማታ ቤቴ። ሂሳቡን የሠራሁት እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ ጮክ ብዬ ነው። ልጁ ሊናገር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ሰው አክባሪ ነው።

እስከ ዱከም ንጉሥ ነበርኩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቢሾፍቱ 1,900 አካባቢ፤ መንገዱ ራሱ እየገፋ ይወስዳል። እኔ ግን ቁልቁለቱን ለባትሪው ጉልበት ቆጠርኩለት። ባጃጅ ስቀድም ጥሩምባ ሁሉ ነፍቻለሁ። ዱከም ገብቶ ጥሬ ሥጋ ሳይበሉ ማለፍ ደግሞ ነውር ስለሆነ፣ አንድ ሉካንዳ ቤት ሰክቻት ተቀመጥኩ። መመሪያውን ያነበብኩት ያኔ ነው፣ ሥጋው እስኪቆረጥ። ለመሙላት ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይፈጃል። 80ው ኪሎ ሜትር ደግሞ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ ሜዳ ላይ፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ነው። እኔ 60 ኪሎ የመዘንኩት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው፤ በዚያ ላይ ጥሬ አዝዣለሁ። ከመቀመጫዬ ሥር ደግሞ ባለ 12 ቮልት ስድስት የእርሳስ ባትሪዎች አሉ፤ እነሱ ብቻቸውን ወደ 40 ኪሎ ይሆናሉ። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው እያልኩ ሳስብ ሥጋው ደረሰ፤ ሐሳቡን ተውኩት። ባለ ሉካንዳው ቆይቶ መጣና «ጋሼ፣ ወይ ፍሪጁ ወይ ሞተሯ» አለኝ። ነቀልኩ።

ሞጆን እንዳለፍን መንቀርፈፍ ጀመረች። ቆቃ አንዲት አሳ ጠባሽ ሶኬት አላት፤ ሰካሁ፤ ቀዩ መብራት በራ፤ ጠፋ። መብራት ሄደ። የት? ቆቃ! ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ግድብ ባለበት አገር። ግድቡ 43 ሜጋ ዋት ነው ተብለን ተምረናል፤ የእኔ ቻርጀር የሚለምነው 200 ዋት ቢሆን ነው።

«እዚህ ግድብ እያለ እንዴት መብራት ይሄዳል?» አልኳት።

«ሐይቁ አጠገባችን ነው፤ የቧንቧ ውሃስ መች አለን?» አለችኝና አሳዬን ገለበጠችው። ሁለተኛ አሳ አዘዝኩ። ክብደቴን ማን አስታወሰ!

ከዚያ እስከ መቂ ያለውን ባልነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች በብስክሌት ቀደሙኝ። መቅደሙስ ይቅደሙ፤ አንደኛው ፍጥነቱን ቀንሶ ጎኔ መጣና «ጋሼ፣ ገመድ አለዎት?» አለኝ። ሊጎትተኝ ነው። በብስክሌት! ገመድ የለኝም አልኩት። ቢኖረኝ እሰጠው ነበር።

መቂ አልጋ ያዝኩ። ሶኬት ያለው ክፍሉ ውስጥ ብቻ ነው። ባለ አልጋዋ አሮጊት ናቸው፤ ስኩተሯን አዩ፣ እኔን አዩ። «ይዘሃት ግባ ልጄ፤ ግን ሁለት ናችሁ» አሉና ደረሰኙ ላይ «ለሁለት ሰው» ብለው ጻፉ። ኧረ እማማ ብዬ ብከራከር «መብራቱን የምትበላው እሷ፣ ቦታውን የምትይዘው እሷ፤ አንተማ ምን ትከብዳለህ» አሉኝ። ከነገሩኝ ሁሉ ያጽናናኝ ይኸው የመጨረሻው ነው። ሌሊቱን ቻርጀሩ ከራስጌዬ ሲያጉረመርም አደረ፤ እኔም ቀዩ መብራት አረንጓዴ እስኪሆን እንደ አስታማሚ ብድግ እያልኩ ሳያት አደርኩ።

ዝዋይንና ቡልቡላን በሰላም አለፍን። ከላንጋኖ በኋላ ግን መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ሐይቁ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል፣ አርሲ ነገሌ 2,000 ላይ ወጥታለች። ወረቀቱ ስለ ዳገት አንድም ቃል አይተነፍስም። መጀመሪያ ዝግ አለች። ወርጄ ከጎኗ እየተራመድኩ አገዝኳት። ቀጥሎ ዝም አለች። ቤንዚን ቢሆን ጀሪካን ይዞ መለመን አለ፤ ኤሌክትሪክ በጀሪካን ማን ይቀዳልኛል?

የአህያ ጋሪ የሚነዳ ልጅ ቆመ። ስኩተሯን ዞራት።

«ኦቦ፣ ምን ሆነች?»

«ደከማት።»

«አዲስ ናት እኮ!»

«አዲስ ናት።»

ስንት እንደገዛኋት ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ዞር ብሎ አህያውን አየና ምንም አላለም። ከበቆሎ ጆንያ ጋር ጫንናት። እንዳትወድቅ መሪዋን ይዤ አብሬያት ጋሪው ላይ ተቀመጥኩ፤ ለሚያየኝ ግን የምነዳት ነው የሚመስለው። ነገሌ ስንገባ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ የነበረ ሁሉ ተነስቶ ቆመ። ትራፊክ ፖሊሱ ተላላፊ ሰሌዳዋን አየ፣ አህያውን አየ፣ እኔን አየ፤ የትኛችንን እንደሚያስቆም ግራ ገብቶት አሳለፈን።

ከነገሌ በአይሱዙ ገባን። ሹፌሩ የጠራው ሂሳብ ሻጩ ልጅ ከአዲስ አበባ ሊጭንልኝ ከጠየቀው ብዙም አይተናነስም። የምከራከርበት አፍ አልነበረኝም።

ባለቤቴ ስኩተሯን ዞር ዞር ብላ አየቻት፤ ክፉ ቃል አልወጣትም። ጣጣው የመጣው ሱሪዬ ሊታጠብ ኪሱ ሲፈተሽ ነው።

«መቂ አልጋ ይዘህ ነበር?»

«ይዤ ነበር።»

«ለሁለት ሰው።»

ወደ ግቢ ጠቆምኩ። «ከእሷ ጋር ነው። ሴትዮዋ ናቸው ሁለት ናችሁ ያሉት። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ ነበረች።»

ደረሰኙን አጥፋ ጡቷ ውስጥ ከተተችው።

«እንግዲያ ዛሬም ብቻዋን አትደር» አለች። «ሶኬቱ ሳሎን ነው። ፍራሽህን እዚያው አንጥፌልሃለሁ።»