ኢትዮጵያ የት እንደምትገኝ አውቃለሁ

እኔ ኢትዮጵያ የት እንደምትገኝ አውቃለሁ። በአፍሪካ ቀንድ፣ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን፣ ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ኬክሮስ መካከል። ትምህርት ቤት የነገሩኝንማ ረስቼው ነበር፤ ብድር ጠያቂዎች ናቸው በየቀኑ እየነገሩ ያስሸመደዱኝ። ባንክ ውስጥ ብድር ትንተና ላይ የተቀመጠ ሰው ሳይወድ በግዱ የጂኦግራፊ ሊቅ ይሆናል። አንድ ሰው ቢሾፍቱ ላይ 5,000 እንቁላል ጣይ ዶሮ ሊያረባ ገንዘብ ይፈልጋል። ፕሮፖዛሉን ስገልጥ ግን ከዶሮው በፊት የሚቀበለኝ የአገሪቱ ካርታ ነው።

ይህ የመጀመሪያ ገጽ «ኤግዚኪዩቲቭ ሰመሪ» ይባላል። በአማርኛ «ማጠቃለያ» የሚሉትም አሉ፤ ጣጣው የጀመረው እዚያ ሳይሆን አይቀርም። ማጠቃለያ ብሎ ነገር በእኛ ልማድ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነው። መጀመሪያ ላይ አስቀምጥ ሲባል ጸሐፊው ምን እንደሚያደርግበት ግራ ይገባውና መግቢያ ይሞላበታል። ከአገሪቱ አቀማመጥ ወደ ሕዝብ ብዛት፣ ከሕዝብ ብዛት ወደ መንግሥት የልማት ዕቅድ፣ ከዚያ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴት። «ዘመናዊ»፣ «በዘርፉ ቀዳሚ»፣ «ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ»። ሰላምታው አያልቅም። ስንት ብር እንደተፈለገ 41ኛው ገጽ ላይ ይገኛል፤ ያውም ዕድለኛ ከሆንኩ።

የሚገርመኝ ይኸው ሰው ለወረዳ ማመልከቻ ሲጽፍ እንዲህ አያደርግም። ከቀኑና ከተቀባዩ በታች «ጉዳዩ፦» ብሎ ያሰምርበትና የመጣበትን ይናገራል። «ጉዳዩ፦ የውሃ ቆጣሪ እንዲቀየርልኝ ስለመጠየቅ።» አለቀ። ሰመሪ ማለት ሰፋ ያለ «ጉዳዩ» ነው እኮ! ማን ነህ፣ ምን ልትሠራ ነው፣ ስንት አለህ፣ ስንት ጎደለህ፣ ከምን ትከፍላለህ፣ ባይሳካስ ማስያዣህ ምንድን ነው። አንድ ገጽ፣ ቢበዛ ሁለት። ዘጠኝ ገጽ ሰመሪ አይቻለሁ።

የገበያው ነገርማ አይነሳ። «ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ውስጥ 1 በመቶው ብቻ በቀን አንድ እንቁላል ቢበላ…» ይላል። እሺ፣ 1.2 ሚሊዮን እንቁላል ሆነ። አምስት ሺህ ዶሮ 4,000 ከጣለ እሰየው ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ሕዝብ ምን ሊያደርግ መጣ? የ4,000ው ገዢ የትኛው ሆቴል፣ የትኛው አከፋፋይ እንደሆነ ንገሩኛ! ሽያጩ ደግሞ ዝም ብሎ በ365 ቀን ተባዝቷል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ጾመ ነቢያት አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ረቡዕና ዓርብ አለ። ጸሐፊው ራሱ ጾመኛ ይሆናል፤ የማይጾመው ሰመሪው ብቻ ነው። ጫጩት ተገዝታ እንቁላል እስክትጥል ወደ አምስት ወር ገደማ ይሄዳል፤ እስከዚያ መኖ አለ፣ ገቢ የለም። የእፎይታ ጊዜ የሚጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህን የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ባገኝ ራዕዩንም ተልዕኮውንም በይቅርታ አልፋቸው ነበር። የለም። «ለ250 ዜጎች የሥራ ዕድል ይፈጥራል» የሚለው ግን አይቀርም። አካፈልኩት፤ ለሃያ ዶሮ አንድ ሠራተኛ ደረሰ።

ቁጥሩም አይገናኝም። ሰመሪው ላይ 12 ሚሊዮን የነበረው ሒሳቡ ውስጥ 14.5 ሚሊዮን ሆኖ ይጠብቀኛል። ከፊት ስለሚቀመጥ ቀድሞ ይጻፋል፤ ኋላ ሒሳቡ ሲቀየር ተመልሶ የሚያየው የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህማ ብሶበታል፤ ዶላርን ዛሬም በ57 ብር ያሰላ ይመጣል። «በ2017 ሥራ ይጀምራል» ይላል ሌላው። የእኛ 2017 ይሁን የፈረንጅ አይናገርም፤ ከየት እንደተገለበጠ ሳስበው ሁለቱም ይሆናል። አንዴ የዶሮ እርባታ መሃል «የጎማው ጥራት» የሚል ገጥሞኛል።

ሰሞኑን ባለዶሮው ራሳቸው መጡ። ሽበታም፣ እርጋታ ያላቸው ሰው ናቸው። ፕሮፖዛላቸው በእንግሊዝኛ ነው፤ እሳቸው አያነቡትም፣ የብድር ኮሚቴውም የሚወያየው በአማርኛ ነው። «ጋሼ፣ እስቲ ሥራውን በአፍዎ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ቦታው የራሴ ነው። ቤቱን ሠርቼ ጨርሻለሁ። 600 ዶሮ ይዤ ሦስት ዓመት ሞክሬዋለሁ፤ ሁለት ሆቴል ይወስድልኛል። በጾም ገበያው ሲቀዘቅዝ ያረጁትን አቆይቼ ለፋሲካ እሸጣቸዋለሁ። የጎደለኝ የጫጩትና የመኖ መግዣ ነው።»

ብዕሬን አስቀመጥኩ። «ታዲያ ይህ ለምን አልተጻፈም?»

«እንዲህማ ከተጻፈ ማን ፕሮፖዛል ይለዋል? የጻፈልኝ ልጅ እኮ የሚያስከፍለው በገጽ ነው።»

አሁን አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ የጻፈው ይመጣል። የፊደል ግድፈት የለበትም። ዶሮም የለበትም።

አለቃዬ 60 ገጽ አያነብም፤ አልፈርድበትም። ከሥራ መውጫ ላይ ብቅ ይልና «ለነገ ኮሚቴ በአንድ ገጽ አድርግልኝ» ይላል። በቃ፣ ሌላው ተከፍሎበት ያልጻፈውን ሰመሪ እኔ በነጻ ስጽፍ አመሻለሁ። ያን ማታ የባለዶሮውን ቃል እንዳለ አሰፈርኩት፤ የጠየቁትን ብር ከላይ፣ ቦታውን፣ ሁለቱን ሆቴሎች፣ ጾሙን፣ የእፎይታ ጊዜውን። ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም። ደስ ብሎኝ አተምኩት።

በማግስቱ ማኪያቶው መጣ፣ ወረቀቱ ታደለ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው ገጹን አዩት፤ ገለበጡት፤ ጀርባው ባዶ መሆኑን ሲያዩ መልሰው ገለበጡት።

«ይቺ ብቻ ናት?» አሉ። «ለመሆኑ ስንት ነው የጠየቁት?»

የመጀመሪያው መስመር ላይ ነበር።