መጋዘን ስታሠሩ መኪናውንም አስቡት

ከጅቡቲ ተነስቶ፣ ጋላፊን አልፎ፣ የአፋርን ሙቀት ችሎ አዲስ አበባ የደረሰ ሾፌር ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቷል። ከዚያ ሁሉ መንገድ ይልቅ ወገቡን የሚቆርጠው ግን የመጋዘኑ በር ነው።

የኮንቴይነር በር ያለው ከኋላ ስለሆነ ወደ ኋላ መግባት ግድ ነው። መጋዘን የሚያሠራው ሰው ግን ይህን የሚያስታውስ አይመስልም። ግንቡን ያቆማል፣ ቆርቆሮውን ያለብሳል፣ ቦታውን እስከ ጥጉ ለዕቃ ያውለዋል። ለእኛ ለሾፌሮች የሚተርፈው ሚኒባስ እንኳ በወጉ የማይዞርበት ግቢ ነው። ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር የጫነ ሴሚ ትሬለር ከነጋቢናው 16 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ተስተካክሎ ለመግባት ከበሩ ፊት የርዝመቱን እጥፍ ያህል ባዶ ሜዳ ይፈልጋል። ሜዳው ከሌለ ጋቢናው አስፋልት ላይ ይወጣና መንገዱን ይዘጋል። ከዚያ ክላክሱም፣ ስድቡም፣ ፊሽካውም በእኛ ላይ ነው።

ተሳቢ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አንዴ ከመኪናው ጋር በተያያዘበት፣ አንዴ ከራሱ የፊት ጎማ ላይ፣ ሁለት ቦታ ይታጠፋል። መሪው ላይ ጣት ያህል የሳትናት ከጭራው ስትደርስ ክንድ ትሆናለች። ተሳቢውን ፈትተን መኪናውን ለብቻው እንዳናስገባ፣ የምናቆምበት ቦታ የለም።

ባለፈው ክረምት ቃሊቲ አካባቢ የገባሁበት መጋዘን ማራገፊያው ቁልቁል የተቆፈረ ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ኮንቴይነሩ ወደ ግንቡ ያዘነብልና ከታች መድረኩን ሳይነካ አናቱ ግድግዳውን ይመታል። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ጉድጓዱ ውሃ ያቁራል። ሌሊት ነው፣ አንድ አምፖል የለም። ረዳቴ ውሃው ውስጥ ቆሞ በስልኩ እያበራ «ና! ና! ቁረጥ! መልስ!» ይለኛል። በስፖኪዮ የሚታየኝ የስልኩ መብራት ብቻ ነው። ድንገት ጠፋ። ፍሬን ይዤ ዘልዬ ወረድኩ፤ ባትሪው አልቆ ነው። ልጁ ከግንቡ ጋር ተጣብቆ ቆሟል፤ በእሱና በጭራው መካከል የቀረው አንድ እርምጃ አይሞላም።

ፍሬቻ ቢሰበር፣ ፓራውልት ቢታጠፍ፣ የግቢው በር ቢገጭ ተጠያቂው ሾፌሩ ነው። «መንዳት አይችልም» ይባላል፤ ከደመወዙም ይቆረጣል። በሩን አጥብቦ ያሠራውን፣ ምሰሶውን ከመግቢያው ጥግ ያስተከለውን ማንም አይጠይቀውም።

የምንጠይቀው ብዙ ወጪ የለበትም። ከማራገፊያው በር ግራና ቀኝ ወደ ሜዳው የሚዘልቁ ሁለት ነጭ መስመሮች ይቀቡልን፤ በስፖኪዮ እያየን ቀጥ ብለን እንገባለን። መድረኩ ጠርዝ ላይ ጎማ ይታሰር፤ ያረጀም ቢሆን ይበቃል። ጭራው የሚቆምበት ቦታ መብራት ይግባ። ዘበኛው ሁለቱንም የበር ክንፎች ይክፈትልን። ግቢው መሐል የቆመችው ፒካፕ እኛ ከመድረሳችን በፊት ትነሳ።

አዲስ የምታሠሩ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉልን። መሪያችን በግራ ነው። መጋዘኑን በግራችን አድርገን አልፈን ወደ ግራ እየታጠፍን ወደ ኋላ ስንገባ፣ ጭራውን በመስኮት አንገታችንን አውጥተን እናየዋለን። በቀኝ ሲሆን ኮንቴይነሩ ራሱ ይጋርደናል፤ በረዳት ጩኸት ብቻ ነው የምንገባው። ስለዚህ የግቢው መግቢያና መውጫ ሲነደፍ ይህ ይታሰብ።

መሐንዲሱ ንድፉን ሲጨርስ፣ ኮንክሪቱ ሳይፈስ በፊት፣ ተሳቢ የሚነዳ አንድ ሰው ጥሩና ቦታውን አሳዩት። ምን እንደሚያስቸግር ቆሞ ይነግራችኋል። ያን ጊዜ ምሰሶን ማዛወር እርሳስና ላጲስ ብቻ ይጠይቃል፤ ከተገነባ በኋላ ግን በየሌሊቱ ዋጋውን የምንከፍለው እኛና ረዳቶቻችን ነን።