የመንታው እንቁላል ሂሳብ

ጌዶ ገበያ ላይ ለምታቅፍ ዶሮዋ እንቁላል የምትመርጥ ሴት ዓይኗ የሚያርፈው ገለባው ላይ ከተደረደሩት ሁሉ በገዘፈው ላይ ነው። ሻጩም ይህን ያውቃል። «አዴ፣ ይኼ እኮ መንታ ነው!» ይላታል፣ ዋጋውን ጨመር አድርጎ። አዴም በአንድ እንቁላል ሁለት ጫጩት አስልታ ትከፍላለች።

ባለ ሁለት አስኳል እንቁላል ብዙ ጊዜ መጣል የጀመረች ቄብ ሥራ ነው። ሰውነቷ ገና ሥርዓት ስላልያዘ ሁለት አስኳል አከታትላ ትለቅና አንድ ቅርፊት ታለብሳቸዋለች። የመጣው ከፈረንጅ ዶሮ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ለእንቁላል ብቻ የሚረቡት ዶሮዎች አብዛኛውን ጊዜ አውራ አጠገባቸው አይደርስም። አውራ ያላየው እንቁላል መንታ ቢሆን ምን ይፈይዳል? 21 ቀን ሙሉ ታቅፈውት ይገማል።

አውራ አግኝቷል እንበል። ጫጩት ሊወጣ ሲል ራሱን ወደ ሰፊው ጫፍ አዙሮ፣ እዚያ ያለችውን የአየር ኪስ በምንቃሩ ወግቶ መተንፈስ ይጀምራል። ኪሷ አንድ፣ ምንቃሩ ሁለት! መዞሪያም የለም። አብዛኞቹ እዚያም ሳይደርሱ ይሞታሉ፤ ሲቀና አንዱ ይተርፋል። ሁለቱም በሕይወት የሚወጡት እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ያውም ብዙውን ጊዜ ሰው ቅርፊቱን እየላጠ ሲያግዛቸው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉትም በአራት እግሩ አላሉም። ጫጩት አስፈልፋዮች ከመጠን ያለፈውን እንቁላል ለይተው ማሽን ውስጥ አያስገቡም፤ እኛ እነሱ የሚጥሉትን ጨምረን እንገዛለን። መንታውን ለይቶ ለማስቀረት ጨለማ ክፍል ገብቶ እንቁላሉን በሞባይል ባትሪ ማየት ይበቃ ነበር። ባትሪው ግን የሚበራው ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ ብቻ ነው።

ቀኑ ደርሶ ጎጆው ጭጭ ሲል ጥፋተኛዋ ትፈለጋለች። ሻጩ ገበያው ላይ ጠፍቷል፤ ዶሮዋ ግን ቤት ናት። «አቃቀፏ ድሮም አላማረኝም ነበር» ትባልና ለሚመጣው በዓል ወጥ ትታጫለች።

በሂሳቡ የሚያተርፈው ቁርስ ቤቱ ነው። የሁለት እንቁላል ጥብስ ታዝዞ መንታው ሲሰበር ሌላው እንቁላል ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። ደንበኛው «ሁለት ነበር እኮ ያልኩት» ቢል፣ ባለቤቷ በማማሰያው ወደ መጥበሻው ታመለክተዋለች፦ «ቁጠራቸዋ!»