ከዚያ በፊት ግን…

ስልኬ ይሠራል። የልጄ ታብሌት ይሠራል። ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን እንኳ ዩቲዩብ ከፍቶ ማንም የማያየውን የቱርክ ድራማ ያሳያል። ላፕቶፔ ብቻ «ተገናኝቷል፤ ኢንተርኔት የለም» ይለኛል። እንዲህ ያለው መገናኘት ሠርግ ተጠርተው ሲደርሱ «ግቡ፣ ምግቡ ግን አልቋል» እንደ መባል ነው።

ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገውን ሁሉ አደረግሁ። ራውተሩን ነቅዬ ሰካሁ። አንቴናውን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፣ መልሼ ወደ ግድግዳው አዞርኩ። መስመር የሚሰጡንን ሰዎች በሌሉበት ሰደብኩ፤ ስልኬ በዚያው መስመር እየሠራ መሆኑን እያየሁ። በመጨረሻ የእህቴ ልጅ ጋ ደወልኩ። ልጁ ኮምፒውተር በመማሩ የዘመድ አዝማዱ ሁሉ ሐኪም ሆኗል፤ ልዩነቱ ሐኪም ይከፈለዋል።

«ቀላል ነው ጋሼ፣ የኔትወርኩን ሴቲንግ ሪሴት ማድረግ ነው» አለኝ። «ከዚያ በፊት ግን…»

ካርዴ አለቀ።

እኔ ከሐኪም ትእዛዝ የምይዘው የመድኃኒቱን ስም ብቻ ነው፤ የሰማሁት ይበቃኛል ብዬ ሴቲንግ ውስጥ ገባሁ። ሪሴት የሚለውን ስፈልግ ግን መንገድ ላይ አንድ ዝርዝር አገኘሁና እዚያው ቀረሁ፤ ላፕቶፔ የሚያውቃቸው ዋይፋዮች ዝርዝር።

ስድስት ዓመት ሙሉ የገባሁበትን ቤት ሁሉ መዝግቦ ይዟል። ለሥልጠና የሄድንበት የሐዋሳው ሆቴል አለ። አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ጓደኛዬ ስልክ አለ፤ ሆትስፖቱን በከፈተልኝ ቁጥር «ቪዲዮ እንዳታይበት» የሚለኝ ነገር ትዝ አለኝ። ድሮ የተከራየሁበት ግቢ «አትልፉ» የሚባል ዋይፋይም አለ፤ እንዴት እንደ ገባሁበት ባልናገር ይሻላል። ፒያሳ የነበረ ካፌ አለ። ካፌው ከነሕንፃው ፈርሷል፤ ፓስወርዱ ግን እኔ ጋ በሰላም ይኖራል። እናቴ ዘጠኝ ቀን የተኛችበት ሆስፒታልም አለ። እዚህ ላይ ጣቴ ትንሽ ቆመ። ፓስወርዱን ነርሷ በመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ ላይ ነበር የጻፈችልኝ፤ የሐኪም ቤት ጽሑፍ አጥርቼ ያነበብኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሪሴት የሚለው ከሁሉ በታች፣ እዩኝ እዩኝ ሳይል ተቀምጧል። ዊንዶውስ 10 ነው እንደ ፈረንጆቹ በ2016 ያመጣው። በፊት በፊት ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ «ኔትሽ» ብሎ የሚጀምር ትእዛዝ መጻፍ ነበረብን። ኔትሽ ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ ዛሬም አለ፤ እንደ ቤቱ ሽማግሌ ጓዳ ተቀምጦ ሲጠሩት ብቻ ይመጣል። ያኔ ሰው ሊያጠፋ ያሰበውን ነገር ፊደል በፊደል ሲለቅም ሐሳቡን የሚለውጥበት ጊዜ ያገኝ ነበር። አሁን አንዴ መጫን ነው። «እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ፤ ነኝ አልኩት። ከ5 ደቂቃ በኋላ እንደሚዘጋ አስታወቀኝ። 5 ደቂቃውን ሻይ አፈላሁበት።

ስክሪኑ ጥቁር ሲል ስልኬ ጠራ። የእህቴ ልጅ ነው።

«ከዚያ በፊት ግን» ብሎ ካቆመበት ቀጠለ፤ «አይፒውን ይዩት። በእጅ የተሞላ ከሆነ አውቶማቲክ ላይ መመለስ ብቻ ነው፤ ሪሴት አያስፈልገውም።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በዋዜማው ለአጭር ሥራ የሄድኩበት መሥሪያ ቤት፣ የአይቲው ሰው ላፕቶፔን ተቀብሎ በ10 የሚጀምር ቁጥር ሞልቶበት ነበር። የእኔ ቤት ራውተር ደግሞ ለመጣ ሁሉ በ192.168 የሚጀምር ቁጥር ራሱ ያድላል፤ ስልኩም ታብሌቱም እጃቸውን ዘርግተው ይቀበላሉ። ላፕቶፔ ግን «እኔ ቁጥር አለኝ» ብሎ የሌላ ቀበሌ መታወቂያ ሲያሳይ ነው የዋለው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ የሚባለውን የነገረው የለም።

«ፓስወርዶቹንስ ጻፏቸው?» አለኝ ልጁ። «ሳይጠፉ በፊት ኔትሽን ቢጠይቁት አንድ በአንድ ያሳይዎት ነበር እኮ።»

ዝም አልኩ።

«አይዞዎት ጋሼ» አለኝ፤ ለቅሶ ቤት በሚባልበት ድምፅ።

ላፕቶፑ ተነሣ። ሐዋሳ የለም፣ ፒያሳ የለም፣ ሆስፒታሉ የለም። የራሴን ቤት ዋይፋይ ስም አይቶ፣ አንድ ቀን አብረው እንዳልዋሉ ሁሉ፣ «ፓስወርድ?» አለኝ።

ራውተሩን ገለበጥኩት። ከፋብሪካ የመጣው ፓስወርድ ሆዱ ላይ ተለጥፏል፤ እሱ ግን ከተቀየረ ዓመት ሆኖታል። ስልኬም አሮጌ ነው፤ ሲጠየቅ ነጥብ ብቻ ይደረድራል። ያስቀየርኩት እኔው ነኝ። ጎረቤቱ ሁሉ እየገባበት ሲያስቸግረኝ፣ አጥር የሚለየንን ቤት ልጅ ጠርቼ፣ 50 ብር ሰጥቼ፣ «ማንም የማይገምተው አድርገው» አልኩት። አደረገው። እኔም አልገመትኩትም።

ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ። እናትየው ከፈተችልኝ። ልጁ ከትምህርት ቤት አልተመለሰም።

«ምነው በሰላም?» አለችኝ።

«የዋይፋዬን ፓስወርድ ረስቼው…» ብዬ ሳልጨርስ፣ ገና አፀደ ሕፃናት ያልገባችው ታናሽ እህቱ፣ ሶፋው ላይ ተጋድማ ካርቱን ከምታይበት ስልክ ዓይኗን ሳትነቅል፣ አሥራ አራቱንም ፊደልና ቁጥር እንደ ሀሁ በቃሏ ወረደችው።

እናትየው መሬት መሬት አየች። እኔም አየሁ። ትንሽ ቆይታ ወደ ልጅቷ ዞረችና፣

«ቀስ ብለሽ ድገሚላቸው እንጂ፤ እየጻፉ ነው» አለቻት።