ከነፋስ መውጫ ነፋስ ስለመውጣቱ፦ በአንድ ደካማ ሻወር ላይ የተደረገ መጠነኛ ጥናት

የጥናቱ መነሻ

በላይ ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ ከተማ፣ በአንድ የኪራይ ግቢ ውስጥ አንድ ሻወር አለ። ሲከፍቱት መጀመሪያ ያስላል፤ ቀጥሎ ያፏጫል፤ ከዚያም በረጅሙ ተንፍሶ ዝም ይላል። ለከተማዋ ስም ያወጡት አባቶች ቧንቧ ሳይገባ ይህን እንዴት እንዳወቁ ራሱን የቻለ ጥናት ይሻል። የእኛ ዓላማ ጠባብ ነው፦ ነፋሱን በውሃ መተካት።

የቃላት ፍቺ

«ሻወር» ማለት ሰው ራቁቱን ቆሞ ወደ ላይ እያየ የሚጠብቅበት ክፍል ነው። «ፈረቃ» ማለት ውሃ ሰው በተኛበት ሰዓት የምትመጣበት ሥርዓት ነው። «ውሃ መጣች!» ማለት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከጎረቤት የሚሰማ፣ መንደሩን በሙሉ ከነባልዲው የሚያስነሳ አዋጅ ነው። «ግፊት» ደግሞ አከራይና ተከራይ የሚለዋወጡት ሳይሆን፣ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ውሃ ከሥሩ ባለው ላይ የሚያሳርፈው ጫና ነው።

ዘዴ

1 ሊትር የሚይዝ ጆግ ከሻወሩ ሥር ተቀምጦ እስኪሞላ ድረስ በሰዓት ተለካ። 2 ደቂቃ ፈጀ። ደህና የሚባል ሻወር በዚሁ ጊዜ 16 ሊትር ገደማ ያወርዳል። ለጥንቃቄ ልኬቱ 3 ጊዜ ተደገመ። በ3ኛው መሃል ውሃ ስለሄደች ጆጉ እስካሁን በመሞላት ላይ ይገኛል።

ለንጽጽር በእስቴዋ መካነ ኢየሱስ፣ በስማዳዋ ወገዳና በታች ጋይንቷ አርብ ገበያ የሚኖሩ ወዳጆች ተጠይቀዋል። የእስቴውና የስማዳው «ጠብ የሚል ነገር የለም» ሲሉ በአንድ ቃል መስክረዋል። ውሃ ወደ ታች ስለሚወርድ የታች ጋይንቱ ይሻላል የሚል መላምት ይዘን ነበር፤ «ታች»ነቱ የወረዳው እንጂ የሻወሩ ባለመሆኑ ወድቋል።

ግኝት አንድ፦ ጥፋቱ የማን ነው?

አከራያችን እማማ «መምህር፣ እሱ አርጅቶ ነው፤ አዲስ ይገዛ» አሉ። የእንጀራ ሰፌድ የሚያህል፣ የሚያብረቀርቅ የሻወር ራስ ተገዛ። ቀድሞ በ40 ቀዳዳ የሚወርደው ውሃ በ200 ቀዳዳ ሊወርድ ሞከረ፤ ለሁሉም ስላልተዳረሰ በመሃል ባለው አንድ ቀዳዳ ብቻ በክር መልክ ወረደ። አሮጌው ራስ ግን አቼቶ ውስጥ ሲያድር ቀዳዳውን የደፈነው ነጭ ዝቃጭ ለቀቀ፤ ጆጉም በ1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሞላ። አዲሱ ዕቃ አሁን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በመስታወትነት ያገለግላል።

ግኝት ሁለት፦ ስለ ከፍታ

ቀጥሎ የግቢው የውሃ ሮቶ አነሰ ተብሎ ባለ 500 ሊትሩ በባለ 2,000 ሊትር ተተካ። ለውጥ አልመጣም። ፓስካል የተባለው ፈረንሳዊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንዳስረዳው ግፊት የሚመጣው ከውሃው ብዛት ሳይሆን ከቁመቱ ነው፤ 10 ሜትር ቁመት 1 ባር ገደማ ይሰጣል። የእኛ ሮቶ ከሻወሩ በ2 ሜትር ብቻ ይበልጣል፤ ስለዚህ ድርሻችን 0.2 ባር ነው።

ይህ ለጋይንት ሰው ከባድ ዜና ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከሮቶአችን ምፅዋ ድረስ ቧንቧ ቢዘረጋ የምፅዋ ሰው 300 ባር በሚያህል ግፊት በታጠበ ነበር። ለእኛ የምትታሰብልን ግን ከሮቶው ሥር እስከ አናታችን ያለችው ብቻ ናት። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆመው ጉናም ርብንና ጉማራን ወደ ጣና ይልካል፤ በሽሎ ስማዳን ታክኮ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ውሃ በዚህ አገር ሞልቷል፤ ያለው ግን እኛ ከቆምንበት በታች ነው።

ግኝት ሦስት፦ ስለ ነፋሱ

ቧንቧ ሠራተኛው መስመሩን ቆርጦ አሳየን። የውስጥ ወርዱን ዝገት በልቶት እርሳስ ብቻ የሚያሳልፍ ሆኗል። ወርድ በግማሽ ሲጠብ የሚያልፈው ውሃ በግማሽ ሳይሆን ከሩብ በታች ይወርዳል። መስመሩም በር ለመዝለል ወደ ላይ ጎብጦ ይመለሳል፤ በጉብታው አናት ላይ አየር ይታቆርና ደካማውን ውሃ አላሳልፍም ይላል። «መምህር፣ እዚህ ጋ ነው ነፋሱ» አለ ሠራተኛው፣ ጣቱን በጉብታው ላይ አሳርፎ። ቧንቧው በሰፊ ፕላስቲክ ተተካ፤ ጉብታውም ቀና።

እርምጃና ውጤት

በመጨረሻም ሮቶውን 6 ሜትር ከፍ ያለ የብረት ማማ ላይ ለመስቀል ተወሰነ። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ በጋይንት በኩል አልፈዋልና፣ ገመድ የያዙት ጎረቤቶች አገሩ ለዚህ ሥራ እንግዳ አለመሆኑን አስታውሰው ጎተቱ። ሻወሩ በዚያ ቀን ትከሻ የሚያሳምም ውሃ አወረደ።

በማግስቱ ሮቶው ባዶ ነበር። የከተማው መስመር ድሮም በጭንቅ ስለሚመጣ፣ ሮቶው ከፍ ሲል ውሃዋ ወደ እሱ መውጣት አቃታት። ፓምፕ ተገዛ። ፓምፕ መብራት ይፈልጋል፤ መብራትም የራሱ ፈረቃ አለው። ሁለቱ ፈረቃዎች የሚገናኙባትን ሌሊት ለማወቅ ባሕረ ሐሳብ የተማረ መሪጌታ ያስፈልጋል።

እስከዚያው ጥናት አቅራቢው ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ በመሰላል 6 ሜትር ይወጣል፣ ሮቶው ውስጥ ይገለብጣል፣ ይወርዳል፣ ልብሱን ያወልቃል፣ ሻወሩን ይከፍታል። ግፊቱ እጅግ አጥጋቢ ነው።

እማማ ይህን ለ3 ቀን ከበረንዳቸው ሆነው ተመለከቱና «መምህር፣ ጀሪካኑን እዚያው ታች አስቀምጠህ በጆጉ ብትታጠብስ?» አሉ። አስተያየታቸው ከጥናቱ ወሰን ውጭ በመሆኑ አልተካተተም።