ኮንትራት አባዱላ፦ ከመካነ ሰላም እስከ ለገጣፎ

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት የደቡብ ወሎ ደጋ ወረዳዎች ኮንትራት የሚባለው ከነሾፌሩ፣ ለታወቀ ጉዞ በቁርጥ ዋጋ የሚያዝ መኪና ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሕዝቡ አባዱላ የሚለው የቶዮታ ሃይስ ነው፤ ሰው ሲበዛ ቅጥቅጥ ይያዛል። የሚያዘውም ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለንግሥ ወይም ለዝየራ ነው። ለመዝናናት ብቻ ኮንትራት የያዘ ሰው እስካሁን አልታየም፤ ካለም ለጎረቤት የተናገረው ለቅሶ ልድረስ ብሎ ነው።

ይኸው ነገር በአሜሪካ ሌላ መልክ አለው። እዚያ የሚከራየው አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ የተገጠመለት ቤት መሰል መኪና ሲሆን ተከራዩ ራሱ እየነዳ ደስ ባለው ቦታ ያድርበታል። ሐሳቡ ማንንም ሳያስቸግሩ መጓዝ ነው። የመካነ ሰላሙ ኮንትራት የቆመው በተቃራኒው ላይ ነው፤ መንገደኛው የሚነሣው ተቀባይ ስላለው ነው፤ ተቀባዩም ካልተቸገረ ጉዞው እንደ ጉዞ አይቆጠርም። ስለዚህ አባዱላው ውስጥ ምድጃ የለም። ከምድጃ የወጣው ሁሉ ግን አለ።

ቤትን ይዞ መንቀሳቀስ ራሱ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር በሺዎች የሚቆጠሩ ድንኳኖች እየተተከሉና እየተነቀሉ ከቦታ ቦታ ይዞር እንደነበር ጽፏል። ድንኳን ቤተ ክርስቲያን አብሮ ይሄዳል፤ በሰንሰለት የታሰሩ አራት አንበሶችም ከንጉሡ ፊት ይነዳሉ። ሞተር የመጣው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ለዐፄ ምኒልክ መኪና ይዞ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የገባው ያን ጊዜ ነው። ዛሬ አንበሳው ቀርቶ በሙክት ተተክቷል፤ የሚጓዘውም ፖርቶመጋላ ላይ ነው።

ውሉ የሚጀምረው መናኸሪያ ነው። ከቤተሰቡ አንድ ትልቅ ሰውና አንድ ሒሳብ የሚችል ጎረምሳ ይላካሉ። ደላላው ሳይጠራ ይደርሳል። ሾፌሩ ጎማውን በእግሩ እየመታ ይጠይቃል፦

«ጋሼ፣ ነዳጁ በእርስዎ ነው በእኔ?»

«በአንተ ይሁን ልጄ።»

«እንግዲያው ዋጋው ሌላ ነው።»

«በእኛስ ቢሆን?»

«ያኔም ሌላ ነው።»

ሰውየው ሊሄዱ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ሾፌሩ ይጠራቸዋል። ቀጥሎ ሾፌሩ መኪናው ውስጥ ይገባል፤ ሰውየው ይጠሩታል። ይህ ከሁለቱም ወገን ሳይፈጸም የተስማማ ሰው ተታልሏል ይባላል። ከዚያ የማደሪያ፣ የሾፌርና የረዳት አበል ለየብቻ ይነሣሉ። ቀብድ ይከፈላል፤ የመውጫ ወረቀት ማውጣት የባለመኪናው ድርሻ ነው። መዋጮው በደብተር ይጻፋል። ደብተሩን የያዘው ጎረምሳ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ድምፁ ይወፍራል።

ጭነቱ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ወደ ከተማ ባዶ እጅ አይኬድም፤ ከተማ ያለ ዘመድም ደጉን የአገር ቤት ነገር ከየት ያገኛል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ አንድ ማዳበሪያ የገብስ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ፣ በጣሳ የታሸገ ቅቤና ማር ይጫናል። ጠላው በጄሪካን ነው፤ ክዳኑ እንዳይፈነዳ ሾፌሩ ደጋግሞ ያሳስባል፤ ክዳኑም መፈንዳቱ አይቀርም። ሙክቱ አራት እግሩን ታስሮ ላይ ይወጣል። ረዳቱ ሸራውን ወጥሮ በገመድ ካሰረ በኋላ አንዲት እናት ከታች ትንሽ ፌስታል ይዘው ብቅ ይላሉ። ሸራው ይፈታል።

አቀማመጡ የራሱ ሥርዓት አለው። ጋቢና የሽማግሌው ነው፤ እንደ ጥንቱ ፊታውራሪ ከሁሉ ቀድመው ያያሉ፤ ለሾፌሩም መንዳት ያስተምራሉ። ከእሳቸው ጎን ያለችው ቦታ መንገድ ያዞረኛል ለሚል ሰው ትሰጣለች፤ ስለዚህ በመነሻው ዕለት ስድስት ሰው መንገድ ያዞረዋል። እናቶች ከመሀል፣ ደብተር ያዡ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ወጣቶች ግን ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ጣራ የሚያሳየው የኋላ ወንበር ይደርሳቸዋል። ሰው ሁሉ ገብቶ በሩ ሲዘጋ «አቀስታ ድረስ ብቻ» የሚል ዘመድ ይመጣል። ትርፍ ጫነ ብሎ ሾፌርን የሚወቅሰው ሕዝብ በኮንትራቱ ቀን ትርፍ የሚጭነው ራሱ ነው።

መነሻው ሌሊት 10 ሰዓት ተብሎ ይቀጠርና ሲነጋጋ ይነሣል። በየትኛው መንገድ ይኬድ የሚለው ክርክር ከመኪናው ቀድሞ ይንቀሳቀሳል፤ ሽማግሌው በወረኢሉና በዓለም ከተማ አድርጎ ሙከጡሪ የሚያወጣውን ይመርጣሉ፤ ሾፌሩ ደሴን። ሾፌሩ ያሸንፋል፤ መሪው በእሱ እጅ ነውና። የለጋምቦን ጭጋግ ሰንጥቆ አቀስታን አልፎ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ጉጉፍቱ ሲደርስ በርኖስና ጋቢ ለባለቤቱ አይበቃም። ኮምቦልቻ ላይ ጋቢው ይወልቃል። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ መኪናው ይጋግራል፤ መስኮት ግን አይከፈትም፤ ነፋስ ሰው ያማል። አንድ ጎረምሳ በጣት ያህል ይከፍታል፤ ሦስት እናቶች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ይሸፍናሉ፤ ይዘጋል። ሎሚ እየታሸ ከእጅ እጅ ይዞራል።

ስለ ሙዚቃው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ወሎ ነውና መንዙማውም የማርያም መዝሙሩም በአንድ ፍላሽ ላይ አለ፤ ሁሉም በየተራው ያዳምጣል። ጠብ የሚነሣው ሾፌሩ የራሱን ምርጫ ሲያስገባ ነው።

ደብረ ሲና ላይ መኪናው ቆሎ ለመግዛት ይቆማል። ፖርቶመጋላው ላይ ሙሉ ማዳበሪያ ቆሎ እንዳለ የማያውቅ የለም፤ ያ ግን የስጦታ ነው፤ ይኼኛው የመንገድ። ደግሞስ ደብረ ሲና ደርሶ ቆሎ ሳይገዛ ያለፈ ሰው ምን ብሎ ያወራል? ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ሲገባ ሁሉም ጸጥ ይላል፤ ሲወጣ ሁሉም በአንድ ላይ ያወራል። ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢው እንደገና ይለበሳል።

ለገጣፎ ከደብረ ብርሃን ሲመጡ ከአዲስ አበባ በፊት የምትገኝ፣ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለለች የዳር ከተማ ናት። የአገር ልጅ ሠርቶ ጥሪት ሲያፈራ ቤት ከሚሠራባቸው ቦታዎች አንዷ ስለሆነች ብዙ ኮንትራት እዚያ ያበቃል፤ ቤቱን ማግኘት ግን ሌላ ጉዞ ነው። «ከአስፋልቱ ገባ ስትሉ ኮብልስቶን፣ ከዚያ ጥቁር የብረት በር» ይላል ዘመድ በስልክ። በሩ ሁሉ ጥቁር፣ ሁሉም ብረት ነው። ሁለት የተሳሳተ በር ይንኳኳል፤ ከአንደኛው ቤት ቡና ሊጋበዙ ምንም አልቀራቸውም።

መኪናው ቤት የሚሆነው እዚህ ነው። ባለቤቱ የጠበቀው ስምንት ሰው ሲሆን የወረደው ዐሥራ ሰባት ነው። ሴቶችና ሽማግሌዎች ፍራሽ ይነጠፍላቸዋል። ወጣቶቹ ከሾፌሩና ከረዳቱ ጋር አባዱላው ውስጥ ያድራሉ፤ ወንበር አጣጥፈው፣ ያንን ቀን ሙሉ የተዘጋውን መስኮት እንደ ልብ ከፍተው። ጠዋት በሩ ላይ የቆመው መኪና ለልብስ ማስጫ፣ ለጫማ ማስቀመጫና የተኮራረፉ ሰዎች ለሚታረቁበት ሸንጎ ያገለግላል። ጎረቤት መኪናውን ማሳለፍ ስላቃተው ጥሩንባ ይነፋል፤ ይወጡና በክብር ሰላም ይሉታል፤ ተመልሰው ይገባሉ።

የመልሱ ጉዞ ጭነት ቀላል ነው ተብሎ ይገመታል። ግምቱ ትክክል ሆኖ አያውቅም፤ በቅቤው ጣሳ ዘይት፣ በቆሎው ማዳበሪያ ያገለገለ ልብስ ተሞልቶ ይመለሳል። ከተማ የሰነበተ አንድ የወንድም ልጅም ይጨመራል።

ሒሳቡ የሚዘጋው መካነ ሰላም ላይ ነው። ደብተሩ ይነበባል፤ ያልከፈለው ሰው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ስሙ ሲጠራም ሁልጊዜ ወጣ ብሏል። የተረፈ ብር ከተገኘ ለመኪና እጥበት ለሾፌሩ ይሰጠዋል፤ ሙክቱ ከ500 ኪሎ ሜትር በማያንስ መንገድ ፖርቶመጋላው ላይ ያደረገውን እሱ አይረሳምና።