ስርዝ ድልዝ የሌለበት ስህተት

የመዝገብ ሹማምንት ጥበብ ከሕግ አውጪዎች ጥበብ እንደሚልቅ የሚጠራጠር ቢኖር፣ በሐዋሳ ከተማ ተጥሎ ተገኝቶ በጉዲፈቻ ባደገ ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ «ዜግነት» የሚለውን ሳጥን ቢመለከት ጥርጣሬው ይለቀዋል። ጉዲፈቻ ስሙን ከኦሮሞ ባህል ወስዶ፣ ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው የሌላን ሰው ልጅ እንደ አብራክ ክፋይ የሚያስቆጥር ሥርዓት ነው። የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ደግሞ በአንቀጽ 3፣ በአገር ውስጥ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን የባዕድ ዜግነት እንዳለው ካልተረጋገጠ በስተቀር ከኢትዮጵያዊ ወላጅ እንደተወለደ ይቆጥረዋል። አዋጁ በዚህ ቃል የማስረዳትን ሸክም፣ ማለትም በሕግ ፊት «አረጋግጥ» የሚባል ወገን ያለበትን ግዴታ፣ ከሕፃኑ ላይ አንሥቶታል፤ ሕግ አውጪው የዘነጋው ሸክሙ የት እንደሚራገፍ ብቻ ነው።

የሚራገፈው በአሳዳጊው ጫንቃ ላይ ነው። አባት «አልታወቀም»፣ እናት «አልታወቀችም» ከተባሉ በኋላ ዜግነትም «አልታወቀም» ቢባል ለጸሐፊው እጅ ይቀላል፤ ለዓይንም ያምራል። ይህን አምድ ሊያቃና የሚሻ አሳዳጊ ግን ከማናቸውም አዋጅ በላይ ጸንቶ የኖረውን፣ ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም የሚለውን ሕግ ይጋፈጣል። ማረም መሰረዝን፣ መሰረዝም ሰነዱን ማርከስን ስለሚያስከትል፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጥርት ብሎ የተጻፈ ስህተት፣ የክብ ማኅተሙ ጠርዝ ጉርድ ፎቶውን ነክቶ እስካለፈ ድረስ፣ ከታረመ እውነት የበለጠ ክብር አለው። ለመታረም የግድ ከሆነም ከቀበሌ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ወደ ፍርድ ቤት የሚያመላልስ፣ በሁለት የአገልግሎት ጥበቦች የታጀበ ጉዞ ተዘጋጅቷል። እነርሱም «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» እና «ሲስተም የለም» ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ሥራ እያለ ሰው የማይኖርበትን፣ ሁለተኛው ሰው እያለ ሥራ የማይኖርበትን ሁኔታ ያመለክታሉ።

የእርማት ነገር አስቸጋሪ ነው እንዳይባል ከተማዋ ራሷ ምስክር ናት። ሐዋሳ ከሐይቋ ዳር ስንዝር ሳትነቃነቅ፣ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ አማካይነት በዚያው ዓመት ሰኔ የሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ ሆናለች፤ ቀድሞ በጉዲፈቻ ውሳኔዎች ግርጌ ማኅተሙ ያረፈው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልልም በ2015 ዓ.ም. ፈርሶ ከካርታ ወጥቷል። ሚሊዮኖች የሚኖሩበት ክልል ያለ ስርዝ ድልዝ ሲታረም፣ አንድ ሳጥን ውስጥ ያለች አንዲት ቃል በቦታዋ ጸንታለች፤ እንዲያውም የፈረሰው ክልል ማኅተም ያለበት ወረቀት «ሰጪው አካል ያረጋግጠው» ቢባል፣ አሳዳጊው ሟችን ቀስቅሶ ማስፈረም ሊኖርበት ነው።

የውጭ ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1070 ከመታገዱ በፊት ወደ አሜሪካ የሄዱት ልጆች ደግሞ ይህን ጥበብ በሁለት ቋንቋ ለመቅመስ ታድለዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካ የሕፃናት ዜግነት ሕግ፣ ጉዲፈቻው ተጠናቅቆ ከ18 ዓመቱ በፊት በቋሚ ነዋሪነት የገባን ልጅ ያለ ማመልከቻ ዜጋ ያደርገዋል፤ የሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ግን ወላጆች የዜግነት ማስረጃ ይዘው ካልቀረቡ ልጁን ባዕድ እንዳለ ያቆየዋል። ይህ ልጅ አድጎ ወደ ሐዋሳ ሲመለስና በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ሲጠይቅ፣ ዜግነቱን ያጣ ኢትዮጵያዊ መሆኑን ለማስመስከር አስቀድሞ ኢትዮጵያዊ እንደነበር ማስረዳት አለበት፤ ለዚህም ከሻንጣው አውጥቶ በመስኮቱ ቀዳዳ የሚያቀብለው፣ ሦስት ጊዜ አለመታወቅን ቁልቁል የደረደረውን ያንኑ ወረቀት ነው።